«ቦኩ»፦ የፈረንሳይኛው «ብዙ» አመጣጥ

«መርሲ ቦኩ» ከሚለው ምስጋና የምናውቀው «ቦኩ» ሲተነተን «ቆንጆ ምት» ይሆናል የሚለው አስተያየት ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ አሳሳች ነው። ቃሉ በእርግጥ «ቦ» እና «ኩ» ከሚባሉ ሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ ሆኖም «ቦ» ስለ መጠን ሲነገር ውበትን ሳይሆን ትልቅነትን ያመለክታል። እኛ «ደህና ገንዘብ አገኘ» ወይም «ዘንድሮ ደህና ዝናብ ዘነበ» ስንል ብዛቱን ማለታችን እንደሆነ ሁሉ፣ ፈረንሳዮችም በዚሁ ቅጽል አንስታይ መልክ «ቤል ሶም» ሲሉ ጠቀም ያለ ገንዘብ ማለታቸው ነው።

የ«ኩ» ጉዞ ይረዝማል። ግሪክኛው «ኮላፎስ»፣ ማለትም ቡጢ ወይም ጥፊ፣ ወደ ላቲን «ኮላፉስ» ተብሎ ገባ፤ በኋላ በሕዝቡ አፍ አጥሮ «ኮልፑስ» ሆነና በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ኮፕ» ተባለ። በማቴዎስ ወንጌል 26፥67 «ጎሰሙት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክኛ ግስ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ በአገራችን የፖለቲካ ወሬ የማይጠፋው «ኩዴታ» የሚጀምረውም በዚሁ «ኩ» ነው። «ኩ» ከምት ተነሥቶ «አንድ ጊዜ የተፈጸመ ድርጊት»፣ አልፎም «አንድ ጉንጭ መጠጥ» እስከ ማለት ስለ ሰፋ፣ «ደህና ምት» የነበረው ሐረግ የመጠን መግለጫ መሆኑ ብዙ አያስደንቅም።

ከዚያ በፊት የ«ብዙ» ቦታ ከላቲኑ «ሙልቱም» የመጣው «ሙልት» ነበር፤ የጣሊያንኛው «ሞልቶ»፣ የስፓኒሽኛው «ሙቾ» እና የፖርቱጋልኛው «ሙይቶ» የእርሱ ዘመዶች ናቸው። እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ «ቦኩ» ቀስ በቀስ አስለቅቆት፣ ዛሬ «ሙልት» የሚሰማው በአብዛኛው ለቀልድ ወይም ለጥንታዊ ለዛ ሲባል ነው።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን «ቦኩ» የ«ሙልት»ን ሥራ ሁሉ አለመውረሱ ነው። «ሙልት» ስምንም ግስንም ቅጽልንም ያጎላ ነበር፤ «ቦኩ» ግን መነሻው ስማዊ ሐረግ በመሆኑ ከስም ጋር ሲገጥም ዛሬም «ደ» የተባለውን መስተዋድድ ይጠይቃል፣ ተራ ቅጽልን ደግሞ በቀጥታ አያጎላም። ቅጽልን ማጉላት፣ «ባሻገር» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን «ትራንስ» ለተገኘው «ትሬ» ደረሰው። ፈረንሳይኛ የሚማሩ ሰዎች «ትሬ ፐ» ማለትም «በጣም ጥቂት» ትክክል ሆኖ ሳለ «ትሬ ቦኩ» ለምን ስህተት እንደሚባል ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ በ«ቦኩ» ውስጥ ያለው «ቦ» የማጉላቱን ሥራ አስቀድሞ ሠርቶታልና ሌላ አጉሊ አይጨመርበትም።