ሊሳ ዶብሪስኪ ያን ምሽት ዝም ማለት ነበረባት?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ሩጫ ነው፤ ፖለቲካ የለበትም፣ ተረጋጉ። ጉዳዩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስታውስ። ሊሳ ዶብሪስኪ እንግሊዛዊት የ1,500 ሜትር ሯጭ ነበረች። በ2006 ሜልቦርን ላይ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችን ወርቅ ወሰደች። በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ 4ኛ ወጣች። በ2009 በርሊን ላይ የዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ኦገስት 10 ቀን 2012፣ ለንደን ኦሊምፒክ ላይ፣ በገዛ አገሯ ሕዝብ ፊት 10ኛ ሆነች። ከዚያ ለጋዜጠኞች ስትናገር፣ «ይህን በማለቴ ሳይወቅሱኝ አይቀሩም፤ ግን በእኩል ሜዳ የምወዳደር አይመስለኝም» የሚል ነገር አለች። ማስረጃ አላቀረበችም። እንግዲህ ልክ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ማስረጃ በእጁ የሌለ አትሌት ጥርጣሬውን አደባባይ ማውጣት አለበት?

የአርሲ ልጅ፦ ልክ አልነበረችም። 10ኛ ወጥቶ ከፊቴ ያሉት ላይ ጥያቄ አለኝ ማለት ያስተዛዝባል። ደግሞ ከፊቷ እነማን እንደነበሩ እንይ። 3ኛ የገባችው ማሪያም ዩሱፍ ጀማል ናት። ለባሕሬን ብትሮጥም አርሲ የተወለደች የኛው ዘነበች ቶላ ናት። 5ኛዋ ለኢትዮጵያ የሮጠችው አበባ አረጋዊ። «ሜዳው እኩል አይደለም» ሲባል እነሱም አብረው ተጠረጉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሴትዮዋ ስም ጠርታ ብትናገር ይሻል ነበር።

ሰዓት ያዥ፦ ወንድሜ፣ ዝርዝሩን ላስቀምጥልህ። ከሊሳ ፊት 9 ሴቶች ገብተዋል። 1ኛዋ ቱርካዊቷ አስሊ ቻኪር አልፕቴኪን በ2015 8 ዓመት ታገደች፤ ወርቋም ተወሰደ። 2ኛዋ ጋምዜ ቡሉት፣ እሷም ከቱርክ፣ በደም ፓስፖርት፣ ማለትም የአትሌቱ ደም ለዓመታት በሚመዘገብበት ክትትል፣ ተያዘች። የ4ኛዋ ሩሲያዊት፣ የታትያና ቶማሾቫ፣ ውሳኔ እስከ 2024 ዘገየ። 7ኛዋ የቤላሩሷ ካሬይቫና 9ኛዋ ሩሲያዊት ኮስቴትስካያም ቆይተው ታግደው ውጤታቸው ተሰረዘ። ከ9 5! ሊሳ ሳትሮጥ ከ10ኛ ወደ 5ኛ ከፍ አለች። ይሄ የተሸናፊ ቅናት ነው እንዴ?

የአርሲ ልጅ፦ ከ9 5 ተያዙ ካልክ 4 አልተያዙም ማለትም ነው። ዘነበች ዛሬ የወርቁ ባለቤት ናት። አበባም ከ5ኛ ተነስታ ብር ላይ ደርሳለች። ያኔ ንግግሯን የሰማ ሰው ግን ማንን ለይቶ ይጠርጥር? ሁሉንም ነው የጠረጠረው። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል።

የለንደኗ፦ እኔ እዚሁ ለንደን ነኝ። ሩጫ የሚከታተል ሰው እነማንን እንደሚያማ ምስጢር አልነበረም። አልፕቴኪን ገና በልጅነቷ በ2004 ተይዛ፣ 2 ዓመት ታግዳ የተመለሰች ናት። ቶማሾቫ ደግሞ የሽንት ናሙና በማስቀየር ተከሳ ቤጂንግ ያመለጣት። ሁለቱም ቅጣታቸውን ጨርሰው መነሻው መስመር ላይ ቆሙ። ሊሳ ማስረጃ አልነበራትም አትበሉኝ፤ ግራና ቀኝ ቆሞላት ነበር።

ሕግ ተማሪዋ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ጨርሷል። አንድ ጊዜ ሰርቆ የታሰረ ጎረቤት አለ ተብሎ፣ በሰፈሩ ዶሮ በጠፋ ቁጥር የሱ በር አይንኳኳም። ደግሞ አትርሱ፣ የቱርክ ፌዴሬሽን በ2013 መጨረሻ ላይ አልፕቴኪንን ነጻ ብሏት ነበር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ይግባኝ ባይል ኖሮ ዛሬም ሻምፒዮን ነበረች። ሊሳ በ2012 የነበራት ግምት ነው። ግምቱ ከዓመታት በኋላ መግጠሙ ያኔ ማስረጃ ነበራት አያሰኝም።

ጋሽ አሰልጣኝ፦ ልጆች፣ ሕጉንና ዝርዝሩን ተዉትና ሩጫውን አንዴ እዩት። ቀርፋፋ ሩጫ ነው። አሸናፊዋ 4:10.23 ነው የገባችው፤ ሊሳ 4:13.02። የሊሳ ምርጥ ሰዓት 3:59.50 ነው። ስለዚህ በፍጥነቱ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ያለቀው መጨረሻ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ሞርጋን ዩሴኒም ከመጨረሻው ዙር ትንሽ ቀደም ብሎ ወድቃ ቀረች። እንዲህ ያለ ሩጫ ላይ ቶሎ ያልተነቃቃ እግር ተቀጣ ማለት ነው። የሊሳ እግር ደግሞ ያን ዓመት ሙሉ አልነበረም። ከኦሊምፒኩ ወራት ቀደም ብሎ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቶባት ነበር፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው። ከዚያ ተነስታ ፍጻሜ መግባቷ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ያን ቀን 10ኛ የወጣችው ግን በነዚያ 5 ሴቶች ብቻ አይደለም።

የአርሲ ልጅ፦ ጋሼ ይባረኩ! እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ጋሽ አሰልጣኝ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ለንደንን ብቻ ካየን ሊሳን አናውቃትም። ቤጂንግ ላይ 4:02.10 ሮጣ 4ኛ ወጣች። ነሐሱን የወሰደችው የዩክሬኗ ናታልያ ቶቢያስ 4:01.78 ነው የገባችው። 32 መቶኛ ሴኮንድ። ቶቢያስ በ2011 በዶፒንግ ተይዛ ታገደች። የ2008ቱ ነሐስ ግን የሷው ሆኖ ቀረ፤ በ2011 መያዝ ስለ 2008 አይናገርማ። ሕግ ተማሪዋ ልክ ናት፤ ሕጉ እንዲያ ነው። አንድ ሯጭ ግን ይህን ሁሉ ተሸክማ፣ ለንደን ላይ በገዛ ሕዝቧ ፊት ተሸንፋ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ ማይክ ሲቀርብላት «ሁሉም ጥሩ ነበር» ትበል? እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ እናገር ነበር።

ሰዓት ያዥ፦ በርሊንን ረሳችሁት እኮ። የኛዋ ገለቴ ቡርቃ እየመራች ነበር። ወደ 200 ሜትር ገደማ ሲቀር ስፔናዊቷ ናታልያ ሮድሪገስ በውስጥ በኩል ልትሰነጥቅ ገባች። ገለቴ ተደነቃቅፋ መሙ ላይ ወደቀች። ሮድሪገስ አንደኛ ብትገባም ስታዲየሙ በፉጨት ነው የተቀበላት፤ ከዚያ ተሰረዘች። ወርቁ ለዘነበች ሆነ፣ በ4:03.74። ብሩ ለሊሳ፣ በ4:03.75። አንድ መቶኛ ሴኮንድ! ይህን ያነሳሁት ለሰዓቱ ብቻ አይደለም። በርሊን ላይ ጥፋቱን ስታዲየሙ ሙሉ በዓይኑ አየ፤ ፍርዱም አልዘገየም። መርፌው ግን መሙ ላይ አይታይም። ስለማይታየው ጥፋት ሯጮቹ ራሳቸው ካልተናገሩ ማን ይናገር?

የለንደኗ፦ ገለቴን ካነሳህ ቫሌንሲያንም አንሳ። በ2008 የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 3ኛ ነበር የገባችው። ከፊቷ የነበሩት ሁለት ሩሲያውያን ከውጤት ተሰረዙ፤ ቶማሾቫ የታገደችበት ያው የናሙና ቅየራ ጉዳይ ነው። ወርቁ ለገለቴ ሆነ። ዘነበችም በዚያው ውድድር ወደ ብር ከፍ አለች። ስለዚህ የአርሲ ልጅ፣ ሊሳ የተናገረችው ያንተንም አገር ልጆች ጉዳት ነው። የተዘረፉት አንድ ላይ ናቸው።

የአርሲ ልጅ፦ እሺ፣ አሁን ወደኔ መጣችሁ። ሪዮ 2016። አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ጨረሰች። ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን ክብረ ወሰን ከ14 ሴኮንድ በላይ አሻሻለችው። ስዊድናዊቷ ሳራ ላህቲ እዚያው ንጹሕ መሆኗን እንደምትጠራጠር ተናገረች። ምን ይዛ? ምንም። አልማዝ «ዶፒንጌ ልምምዴ ነው፣ ዶፒንጌ ኢየሱስ ነው» ብላ መለሰችላት። ያኔ እናንተው ናችሁ ስትናደዱ የነበራችሁት። ሊሳ ስትጠራጠር ደፋር፣ ላህቲ ስትጠራጠር ምቀኛ? እንዴት ነው ነገሩ?

(ይህ ጥያቄ ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከሁሉ ጠንካራው እሱ ይመስለኛል። አወያይ)

ሕግ ተማሪዋ፦ ልዩነት አለው። ሊሳ ያማረረችው ስለ ሜዳው ነው። ላህቲ ያነሳችው አንዲትን ሴት ነው፣ ያውም በድል ቀኗ። እንዲያውም አንተ መጀመሪያ «ስም ጠርታ ብትናገር ይሻል ነበር» ብለህ ነበር። ላህቲ ስም ጠራች፤ አሁን ደግሞ እሱ አናደደህ።

የአርሲ ልጅ፦ ስም የጠራ ማስረጃ ይዞ ይጥራ ነው ያልኩት። ማስረጃ የሌለው አፉን ይያዝ፤ ሊሳም ላህቲም።

የለንደኗ፦ አፍ መያዝ ለማን ጠቀመ? የዚሁ አገር ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ በ2001 ኤድመንተን ላይ «የኢፒኦ አጭበርባሪዎች ይውጡ» (ኢፒኦ ቀይ የደም ሴሎችን የሚያበዛ የተከለከለ መድኃኒት ነው) የሚል ጽሑፍ ይዛ ሩሲያዊቷን ሯጭ ዬጎሮቫን ተቃውማለች። በ2015 ተራው የሷ ሆነ። ሾልኮ ከወጣ የደም መረጃ ጋር ስሟ ተያያዘ። አላደረግኩም ብላ ተከራከረች፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም ክሱ መሠረት የለውም አለ። የሚናገር ሰው እሱም እንደሚጠየቅ እያወቀ ይናገር። ለኔ ይሄ ነው ሚዛኑ።

ሰዓት ያዥ፦ ስለ አበባም ሳንደብቅ እንናገር። በ2016፣ ለስዊድን እየሮጠች ሳለ፣ ሜልዶኒየም የተባለ የልብ መድኃኒት ተገኝቶባት ለጊዜው ታግዳ ነበር። መድኃኒቱን የወሰደችው ከመከልከሉ በፊት ይሁን በኋላ መለየት ስላልተቻለ እገዳው ተነሳ። ከለንደን ውጤቷ ጋር አይገናኝም። ግን ሊሳን «ለምን ጠረጠርሽ» ብለን የራሳችንን ታሪክ መዝለል አይሆንም። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በምርመራ ሥርዓታቸው ካስጠነቀቃቸው 5 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ሕግ ተማሪዋ፦ እኔ ተናገሪ አትናገሪ ላይ አልቆምም። የተጠራጠረ አትሌት የሚሄድበት ቦታ አለ። የጸረ ዶፒንግ ተቋም አለ፣ በምስጢር ጥቆማ መስጠት ይቻላል። ጋዜጠኛ ፊት ከመናገር በፊት ያ ይቀድማል።

ጋሽ አሰልጣኝ፦ ልጄ፣ እሱ ተቋሙ ንጹሕ ሲሆን ነው። ቶማሾቫ በመጨረሻ በምን ተያዘች? ከሞስኮው ላቦራቶሪ በወጣ መረጃ። ናሙናው ያኔ በ2012 ተመርምሮ፣ ውጤቱ ታውቆ፣ ተደብቆ ነበር የተቀመጠው። መርማሪው ራሱ የሚደብቅ ከሆነ ሊሳ ጥቆማውን ለማን ትስጥ? ለዚያ ነው ማይኩ ፊት የወጣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፍርዱ ከ12 ዓመት በኋላ መጣ። ያኔ ሊሳ ሩጫ ካቆመች ቆይታለች። ልጅቱ ያን ምሽት ዝም ብትል ኖሮ የሚቀየር ውጤት አልነበረም፤ ተናግራም አልቀየረችውም። ቢያንስ ግን አሸናፊዎቹን አብራ አላጨበጨበችም።

የአርሲ ልጅ፦ ጋሼ፣ የእርስዎን አከብራለሁ፤ አልቀበለውም እንጂ። ዘነበች በዚያ ምሽት ለባሕሬን የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አምጥታ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በማግስቱ ስለዚህ ውድድር ሲወራ የነበረው ግን ስለ ጥርጣሬው ነው። እሷንስ ማን ይቅርታ ይጠይቃት?

የለንደኗ፦ አልፕቴኪን።