ጥቆማ፦ የ90ዎቹን የጌም ድብድብ ፊልሞች ጅማ ላይ ከየት አግኝቶ በምን ማየት ይሻላል?

ከቪዲዮ ጌም የተወሰዱትን «ሞርታል ኮምባት»ንና «ስትሪት ፋይተር»ን እንደገና ማየት አምሮኛል፣ ጅማ ውስጥ የት ላግኛቸው እያላችሁ ለምትጠይቁ የማውቀውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኳቸው፤ እኛ ቪዲዮ ቤት ያየናቸው ግን ከዚያ ቆይተው ነው። ከወዲሁ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር ሱቅ ከመምረጥ ኮፒ መምረጥ ይቀድማል። ያው ፊልም በደህናው ኮፒና በተበላሸው ኮፒ ሁለት ፊልም ነው።

ብዙዎቻችን የምንሄደው ፊልም ወደሚጭኑት ሱቆች ነው። ፈረንጅ አራዳም፣ መርካቶም፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢም አይጠፉም፤ ክፍያውም ኪስ አይጎዳም። የሚጎዳው ጥድፊያው ነው። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ «ሞርታል» ብሎ ሲፈልግ የ1995ቱ፣ የ1997ቱና የ2021ዱ ተደርድረው ይመጡለታል። ዝም ካላችሁት አዲሱን ጎትቶ ፍላሻችሁ ላይ ይጥልና «በቃ፣ አልቋል» ይላችኋል። «ስትሪት ፋይተር» ስትሉትም የ2009ኙን ስለ ጌሟ ሴት ተደባዳቢ ስለ ቹን ሊ የተሠራውን ፊልም ሊሰጣችሁ ይችላል፤ እሱን ያየ ሰው ያዝንላችኋል። ስለዚህ ዓመቱን ጽፋችሁ ሂዱ፦ «ስትሪት ፋይተር» 1994፣ «ሞርታል ኮምባት» 1995።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ክፈቱልኝ በሉ። መጀመሪያውን አይታችሁ አትመኑ፣ ጨለማ ወዳለበት ቦታ አሳልፉት። «ሞርታል ኮምባት»ን ከሆነ ጀግናው ሊዩ ካንግ ከሬፕታይል ጋር የሚደባደብበት ጋ ይሂድላችሁ። ኮፒው ከተጨመቀ ጥቁሩ ሁሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል፣ እግሩ የማን እንደሆነ አይለይም። የፋይሉ መጠን 700 ሜጋ ባይት አካባቢ ከሆነ በሲዲው ዘመን አንድ ሲዲ ላይ እንዲበቃ ተብሎ የታመቀ መሆኑን ጠርጥሩ። ለስልክ ይሆናል፤ ሳሎን ላለ ትልቅ ቲቪ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው የሚታየው የምስሉ ስፋት ነው። «ስትሪት ፋይተር» ለሲኒማ የተቀረጸው በሰፊው፣ 2.35 ለ 1 በሚባለው (ወርዱ የቁመቱን 2.35 እጥፍ በሆነው) ነው። ለድሮው ቲቪ በካሴት ሲወጣ ግራና ቀኙ ይቆረጥ ስለነበር ከምስሉ 40 በመቶ በላይ ይጠፋል። ይህ ፊልም ደግሞ ከጌሙ ያልጠራው ሰው የለም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ቆሞ ያወራል። በተቆረጠው ኮፒ ተናጋሪው ድምፁ ይሰማል እንጂ ፊቱ የለም። «ሞርታል ኮምባት» 1.85 ለ 1 ስለሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል። ከሁሉ የከፋው ግን የተቆረጠውን መልሰው ወደ ጎን የለጠጡት ኮፒ ነው፤ የ«ስትሪት ፋይተር» ዋና ተዋናይ ቫንዳም እንኳ ቦርጫም ይመስላል። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ካያችሁ አትማረሩ፣ ትክክለኛው እሱ ነው።

በአማርኛም በኦሮምኛም የተተረኩ ኮፒዎች አሉ፣ «ትርጉም» ብላችሁ ብትጠይቁ ይሰጧችኋል። እዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር አንስማማም። ለ«ሞርታል ኮምባት» ተራኪው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለኝም፤ ታሪኩ ደሴት ሄዶ መደባደብ ነው። እንዲያውም ጎበዝ ተራኪ ከጆኒ ኬጅ ቀልዶች የተሻለ ቀልድ ይጨምርበታል። «ስትሪት ፋይተር»ን ግን በትርጉም አትዩት። ያ ፊልም ዛሬም የሚታየው ለቫንዳም ተብሎ አይደለም፤ ክፉውን ጄኔራል ባይሰንን ለሚጫወተው ለራውል ሁሊያ ነው። ሼክስፒርን መድረክ ላይ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው፣ ልጆቹ ጌሙን ይወዱ ስለነበር ነው የገባበት። ሲቀረጽ በካንሰር ታሞ መክሳቱ ከፊቱ ይታያል፤ በጥቅምት ወር 1994 በ54 ዓመቱ አረፈ፣ ፊልሙ ሲኒማ የገባው ከሁለት ወር በኋላ በታኅሣሥ ነው። መጨረሻው ላይ ለእሱ የተጻፈ መታሰቢያ አለ፣ የሚጭኑት ልጆች ብዙ ጊዜ ይቆርጡታል።

አንድ ትዕይንት ብቻ ልንገራችሁ። ቹን ሊ አባቷን የገደለባትን ቀን እያነሳች ባይሰንን ስትወቅሰው እሱ «ለእኔ ተራ ማክሰኞ ነበር» ብሎ ይመልስላታል። ቁጣም ዛቻም የለበትም፣ ከልቡ ረስቶታል። ተራኪ እዚያ ላይ ከተናገረ ፊልሙ አለቀለት። እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁ እንኳ ድምፁን ስሙት።

ቪዲዮ ቤት እያለን ይህን ማን አስተዋለ? በር ላይ ባለው ሰሌዳ በጠመኔ የሚጻፈው «ቫንዳም» የሚል ብቻ ነበር። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን «አክተሩ» መቼ ይማታል እያልን ነው የምንጠብቀው፤ በዚያ ሚዛን ፊልሙ ወድቋል፣ ቫንዳም ከመምታት ማውራት ያበዛበታል። ሰዉ ቢያጉረመርም እውነት ነበረው። «ሞርታል ኮምባት» ግን ቤቱን አፈረሰው። ጆኒ ኬጅ አራት እጅ ያለውን ጎሮን እግሩን ከፍቶ ወርዶ ከታች ሲነርተው የነበረውን ጩኸት በዚያን ጊዜ ጅማ የነበረ ያስታውሰዋል።

ካሴት አለኝ፣ በካሴቱ ነው ማየት የምፈልገው ለምትሉ ሌላ ወሬ አለ። የጅማ እርጥበት ለቡና እንጂ ለካሴት አይሆንም። ካሴቱን አንስታችሁ በራሱ በካሴቱ መስኮት በኩል ጥቅሉን በብርሃን እዩት። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ዴክ ውስጥ አትክተቱት። ሻጋታው «ሄድ» የሚባለው ካሴቱን የሚያነበው የዴኩ ክፍል ላይ ይለጠፍና ቀጥሎ የምታስገቡትን ደህና ካሴት ሁሉ ይበክላል። ነጭ ነገር ከሌለው መጀመሪያ እስከ ጫፍ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ አጠንጥኑት፤ ለዓመታት የተጣበቀው ይላቀቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚሉ አሉ፣ አትስሟቸው፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ዴክ የሚጠግን ሰው መርካቶ ውስጥ ጠይቃችሁ አታጡም፤ ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ የነበሩትን አንጋፋዎቹን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚሄደው ላስቲኩ ነው፣ ላልቶ ወይም ቀልጦ ይገኛል። ሄዱን በንጹህ አልኮል ያጸዱታል። ዋናው መለዋወጫ ግን ከሌላ የሞተ ዴክ ነው የሚወጣው፤ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ማምረቱን አቁሟል። እኔ አንዱ ጋ ሰጥቼ ዴኩ ተሠርቶ መጣልኝ፣ ሊሞክርበት ያስገባውን ካሴቴን ግን በልቶት ነበር። ለሙከራ የማትሳሱለትን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ።

ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ፎቶና ቪዲዮ ቤቶችም አሉ፣ የድሮ ሰርግ ይገለብጣሉ። ሥራቸው ደህና ነው። ግን ገበያ ላይ ለወጣ ፊልም ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ካሴቱ ያለውን ቢገለብጡት ያው የካሴቱ ጥራት ነው፣ ዲቪዲው ይበልጠዋል። ያን ብር ለእናታችሁና ለአባታችሁ ሰርግ አውሉት፣ የእሱ ሌላ ኮፒ የትም የለም።

ሕጋዊውን ለምትፈልጉ ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ ዋናውን ዲቪዲ ወይም ብሉሬይ ያምጣላችሁ። ዲቪዲ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚጫወት የሚወስን ኮድ አለው፤ የአሜሪካው 1 ነው፣ የእኛ 5። ደግነቱ እዚህ የሚሸጡት ርካሽ የቻይና ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ኮድ አይመርጡም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሱቁ ውስጥ አስሞክሩት። ከአውሮፓ የሚመጣው ዲቪዲ ትንሽ ይፈጥናል፣ በሴኮንድ 24 የነበረው ምስል በ25 ስለሚሄድ። 101 ደቂቃ የነበረው «ሞርታል ኮምባት» 97 ደቂቃ ገደማ ላይ ያልቃል። ተቆርጧል ብላችሁ ከዘመዳችሁ አትጣሉ።

ከየትኛው ልጀምር ለምትሉ፦ ከቤተሰብ ጋር ከሆነ «ሞርታል ኮምባት» 1995። ጌሙ በደሙ ብዛት አሜሪካ ምክር ቤት ድረስ አነጋግሯል፣ ፊልሙ ግን ታዳጊዎችም እንዲያዩት ደሙ ተቀንሶ የተሠራ ነው። የታይላንድ ባሕር ዳርቻው ዛሬም ያምራል፣ ክፉውን ጠንቋይ ሻንግ ሱንግን ሆኖ የሚጫወተው ካሪ ሂሮዩኪ ታጋዋ ደግሞ በዓይኑ ብቻ ፊልሙን ይሸከመዋል። ሙዚቃውን በደህና ስፒከር ስሙት፣ ጎረቤት ካልተቀየመ።

ለብቻችሁ ከሆነና ድብድብ ከጠማችሁ በ1994 ጃፓኖች የሠሩትን የ«ስትሪት ፋይተር 2» አኒሜሽን ጫኑ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ የጌሙ ዋና ተደባዳቢዎች ሪዩና ኬን በተዋናይ ፊልሙ ውስጥ ተራ አጭበርባሪ ሆነው ሲቀሩ እዚህ ክብራቸው ተመልሶላቸዋል። ግን ያልተቆረጠው ኮፒ ውስጥ ቹን ሊ ሻወር የምትወስድበት ትዕይንት ስላለ ልጆች ባሉበት አትክፈቱት። የእንግሊዝኛውና የጃፓንኛው ሙዚቃም ይለያያል፣ በእንግሊዝኛው የሮክ ባንዶቹን ኮርንንና አሊስ ኢን ቼይንስን ትሰማላችሁ።

«ደብል ድራጎን» 1994ን ሮበርት ፓትሪክን ከሁለተኛው «ተርሚኔተር» ለምትወዱት ብቻ ነው የምጠቁመው። ፀጉሩን አይታችሁ ትስቃላችሁ፣ ከዚያ ያለፈ ብዙ አትጠብቁ።

የ1997ቱን ሁለተኛውን «ሞርታል ኮምባት» አትጫኑት። ከመጀመሪያው ዋና ተዋንያን ሮቢን ሹና ታሊሳ ሶቶ ብቻ ናቸው የተመለሱት፣ የመብረቅ አምላኩን ራይደንን እንኳ የሚጫወተው ሌላ ሰው ነው። ዮርዳኖስ ድረስ ሄደው ቀርጸው የኮምፒውተር ሥዕሉ ያላለቀ ይመስላል። በነፃ ልጨምርላችሁ የሚል ሻጭ ካለ በቦታው አኒሜሽኑን አስጭኑ፤ መብራት ከመሄዱ በፊት ደግሞ ፍጠኑ፣ ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ነው ብላችሁ አትዘናጉ።