አይ-66 አውራ ጎዳና ላይ ሦስት ሆኖ ሲኬድ ለምን ቶል (የመንገድ ክፍያ) ይቆረጣል?

ጠያቂ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ሦስት ሰው ከሆንን ነጻ አይደለም እንዴ? ተራው ኢዚፓስ (መኪና ውስጥ ተቀምጦ ቶል የሚያስቆርጠው መሣሪያ) እየቆረጠ ነው። ሕፃንስ ይቆጠራል?

መልስ 1፦ ተራው ኢዚፓስ ስንት ሰው እንደተሳፈረ አያውቅም፣ ሙሉውን ይቆርጣል። ኢዚፓስ ፍሌክስ አውጣ። ጎኑ ላይ ያለውን ማብሪያ ከመነሳትህ በፊት ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የጫነ መኪና ማለት ነው) ግፋው። ሾፌሩን ጨምሮ 3 ሰው ነው፤ ሕፃንም ሰው ነው። በ66 የቤልትዌይ (ዋሽንግተን ዲሲን የሚዞረው ቀለበት መንገድ) ውስጠኛ ክፍል ድሮ 2 ይበቃ ነበር፣ ከዲሴምበር 2022 ወዲህ ቀርቷል። አሮጌውን ኢዚፓስ ደግሞ ከመኪናው አውጣው፤ ከፍሌክሱ ጎን ከተቀመጠ እሱ ተነቦ ሊቆርጥብህ ይችላል።

መልስ 2፦ ሰው ካወረድክ በኋላ ማብሪያውን መመለስ እንዳትረሳ! ብቻህን ኤችኦቪ ላይ ከተገኘህ ቅጣቱ 125 ዶላር ነው፣ ከተደጋገመ 250፣ 500፣ 1000። ከሁለተኛው ጀምሮ 3 የመንጃ ፈቃድ ነጥብም ይጨመርበታል። ፖሊሱ የሚቆጥረው በዓይኑ ነው፤ የኋላ መስታወትህ ጥቁር ከሆነና ልጁ ካልታየው ቢያስቆምህ አትገረም።

ጠያቂ፦ ደልስ ቶል ሮድ ላይስ?

መልስ 1፦ እዚያ ማብሪያው ምንም አይሠራም፣ መቶ ሰው ብትጭንም ትከፍላለህ። የ66 ውስጠኛው ክፍል ግን ቶል ያለው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት ወደ ዲሲ ጠዋት 5:30–9:30፣ ሲመለሱ ከሰዓት 3–7።