«በለስ ቀናው» ሲባል የትኛው በለስ ነው?

ቆሎ ቆርጣሚ፦
እንዴት ናችሁ የቃል ሰዎች? «ዘንድሮ በለስ ቀናው» እንላለን። ዕድል ቀናው፣ ነገሩ ተሳካለት ማለት ነው። እሱ ላይ ክርክር የለኝም። አንድ ወዳጄ ግን «በለሱ ያ እሾሃሙ ነው፤ ሳይወጋህ ልጠህ ከበላህ ዕድለኛ ነህ» ብሎ አስረዳኝ። ልመነው?

ፊደል ለቃሚ፦
ማብራሪያው ደስ ይላል። እንዲህ ደስ የሚል ማብራሪያ ሲመጣ ኪሴን ነው የምጠብቀው። በለስ የሚለው ቃል ከእሾሃሙ ፍሬ በዕድሜ ይበልጣል። በግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ አዳምና ሔዋን ያገለደሙት የበለስ ቅጠል ነው። እሱ የሾላ ዘመድ ነው፣ እሾህ የለውም። እሾሃሙ የሜክሲኮ ተወላጅ ነው። ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት ከአሜሪካ ውጭ ማንም አያውቀውም ነበር። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወደ እኛ ሲመጣ ተክሉ የቁልቋልን ስም ወሰደ፣ ፍሬው የበለስን። ሁለቱም ስሞች ባለቤት ነበራቸው። ቁልቋል ያ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው የሀገራችን ዛፍ ነው።

ያበቀሉት ሰዎች «ኖችትሊ» ይሉታል። ቋንቋቸው ናዋትል ነው። የዋና ከተማቸው የቴኖችቲትላን ስም ውስጥም አለ፤ «ቴትል» ድንጋይ ነው፣ «ኖችትሊ» በለስ። ንስር ድንጋይ ላይ በበቀለ በለስ ላይ ተቀምጦ ባያችሁበት ስፈሩ ተብለው ነው በ1325 የሰፈሩት ይላል ትውፊታቸው። የሜክሲኮ ባንዲራ ላይ ያለው ንስር እሱ ነው። ከተማዋ ሐይቅ መሃል ነበረች። የስፔኑ ወራሪ ኮርቴስ በ1519 ገባባት፣ በ1521 ወደቀች። በነገራችን ላይ ራሳቸውን «ሜሺካ» ነበር የሚሉት። አዝቴክ የሚለው ስም የገነነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ቆሎ ቆርጣሚ፦
ወዳጄን አሳፈርከው። ታዲያ ቲማቲምም የእነሱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ስሙ ግን ዐረብኛ አይደል እንዴ?

ፊደል ለቃሚ፦
ከዐረብኛው «ጠማጢም» ነው የያዝነው፣ ልክ ነህ። ዐረቡ ግን ከስፓኒሹ «ቶማቴ»፣ ስፓኒሹ ከናዋትሉ «ቶማትል» ነው ያገኘው። ስፔኖች መጨረሻ ላይ ያለችው «ትል» አፋቸው ላይ አልገባ ስትላቸው «ቴ» አደረጓት። «አዋካትል» የሚለው ስምም በእነሱ አፍ «አጓካቴ» ሆነ፣ ዞሮ ዞሮ የኛ ጁስ ቤት አቮካዶ ሆነ።

ግን ናዋትል ተናጋሪዎቹ ናዋዎች ዘንድ ቶማትል አንድ ነገር አልነበረም። በርናርዲኖ ዴ ሳሃጉን የሚባል ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ከናዋ ምሁራን ጋር ሆኖ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሥራ ሁለት ክፍል ያለው መጽሐፍ አዘጋጅቷል፣ በራሳቸው ቋንቋ ጭምር። እዚያ ውስጥ ገበያ ላይ ያለችውን ቲማቲም ሻጭ ታገኛታለህ። ትልቁን ትሸጣለች፣ ትንሹን፣ ጣፋጩን፣ የእባቡን፣ የቀበሮውን፣ የአሸዋውን። ቢጫ፣ በጣም ቢጫ፣ ቀይ፣ በጣም ቀይ። መጥፎዋ ሻጭ ደግሞ የበሰበሰውን፣ የተጨፈለቀውንና ሆድ የሚያስኬደውን ትሸጣለች ይላል! እኔ ይህን ሳነብ አትክልት ተራ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። መካከለኛው ሜክሲኮ አሁንም ቀዩን «ሂቶማቴ»፣ አረንጓዴውን «ቶማቴ» እያለ ይለያል። እኛ ጋ ሁሉም ቲማቲም ነው።

ከረን፦
እኛ ቤት ኮሚደረ ነው የሚባለው፣ በትግርኛ። ከጣሊያኑ «ፖሞዶሮ» ነው፣ የወርቅ ፖም ማለት። ስለዚህ ጎረቤታሞቹ ቋንቋዎች አንዱን ፍሬ በሁለት መንገድ አስገብተውታል፤ የኛ ስም ውስጥ ናዋትል የለም።

እማማ ጽጌ፦
ልጆቼ፣ በቆሎን እናቴ «የባሕር ማሽላ» ትለው ነበር። ባሕር ዛፍ እንደምንለው መሆኑ ነው?

ፊደል ለቃሚ፦
በትክክል፣ እማማ። ከባሕር ማዶ የመጣ ለማለት ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ነው፣ በቆሎ ከሜክሲኮ። ዘጠኝ ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች ቴኦሲንቴ የሚባለውን የሣር ዘር እየመረጡ ነው በቆሎ ያደረጉት። የቴኦሲንቴ ዛላ ከጣት አይበልጥም፣ ፍሬውም ጥርስ ይሰብራል። ኮሎምበስ ያገኛቸው ታይኖዎች «ማሂስ» ይሉት ነበር። ጣሊያኖች እስካሁን «የቱርክ እህል» ነው የሚሉት፤ ቱርክ ምን አግብቷት እንደሆነ እነሱን ጠይቁ። የእናትዎ አጠራር ቢያንስ ባሕር መሻገሩን አልካደም።

ነርሷ፦
እኔ ደግሞ በየቀኑ የማድለውን ላምጣ፤ ኪኒን። ማንኛውንም የሚዋጥ ክኒን እንለዋለን፣ መነሻው ግን የአንድ መድኃኒት ስም ነው፣ የወባው ኪኒን። የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ ሰዎች በኬችዋ ቋንቋ የዛፍ ልጥን «ኪና» ይሉታል። የየሱስ ማኅበር ካህናት ልጡን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ወሰዱት። በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ፔልቲዬና ካቫንቱ፣ ፈዋሹን ነገር ከልጡ ለይተው አወጡና «ኪኒን» አሉት። የሚገርመኝ፣ ገዳዩ የወባ ዓይነት አሜሪካ የገባው በባሪያ ንግድ ዘመን ከአፍሪካ ነው። መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ እዚያ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ቆሎ ቆርጣሚ፦
የመጨረሻ ጥያቄ፣ አትሰልቹኝ። ድንችም ከአንዲስ ነው ይባላል። ስሙ ግን የኛ የኛ ይሸተኛል።

ፊደል ለቃሚ፦
ይሽተትህ፣ የኛ ነው። ኬችዋዎች «ፓፓ» ይሉታል። እኛ ጋ ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ በ1858 ገደማ። ድንች የሚለው ስም ግን ከዚያ በፊት ነበር፤ የሌላ የሀገር ሥራሥር ስም ነው። የበለስ ታሪክ ተደገመ። አሁን የድሮውን ባለስም ስትፈልግ «የወላይታ ድንች» ወይም «የኦሮሞ ድንች» ብለህ ነው የምትጠይቀው። ድንች ብቻ ካልክ የሚመዘንልህ የአንዲሱ ነው።