ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለ ክለብ ዋና አሰልጣኝ እንዴት ይምረጥ?

ከግርጌ ሦስተኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አንድ የፕሪሚየር ሊጋችን ክለብ ነው፤ ስሙ ይቆየን። 15 ጨዋታ ተጫውቶ 13 ነጥብ ይዟል፤ 11 ጎል አግብቶ 23 ተቆጥሮበታል። ዋና አሰልጣኙ ተሰናብቷል፣ ቀጣዩ ጨዋታ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ቦርዱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ገሚሱ የክለቡ የቀድሞ ኮከብ ይምጣ ይላል፣ ገሚሱ የውጭ ዜጋ ይፈልጋል፣ የቀረው «ዋንጫ ያነሳ ሰው አምጡ» ባይ ነው። ስም አልፈልግም፤ የአመራረጡን አካሄድ ንገሩኝ።

ቁጥር 6
መጀመሪያ በሽታውን ለዩ። የቴሌቪዥን ስርጭት ከመጣ ወዲህ የጨዋታ ምስል ማግኘት ብርቅ አይደለም። የተጫወታችኋቸውን 15 ጨዋታዎች አውጡና የተቆጠሩባችሁን ጎሎች አንድ በአንድ መድቡ፦ ከማዕዘንና ከቅጣት ምት ስንት፣ በራስ ሜዳ ኳስ ተነጥቆ ስንት፣ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ስንት።

ከ23ቱ 9 ወይም 10ሩ ከቆመ ኳስ ከሆኑ ችግሩ የአጨዋወት ፍልስፍና አይደለም። አቋቋምና ሰው አያያዝ ነው፣ በሁለት ሳምንት ልምምድ ይሻሻላል። አብዛኛው ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ከሆነ የአካል ብቃቱን ሥራ እዩ፤ የደመወዝ መዝገቡንም እዩ። ሁለት ወር ያልተከፈለው ተጫዋች ልምምድ ላይ ይገኛል እንጂ አይሠራም። ደመወዝ ሳይከፍሉ አሰልጣኝ ማባረር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ ተተኪው ማንም ቢሆን በስድስተኛው ሳምንት እዚያው ትመለሳላችሁ።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ጥያቄው «ጎበዝ ማነው?» መሆኑ ይቀርና «በእጃችን ባሉት 25 ተጫዋቾች፣ በሚቀጥለው ወር፣ ይህን ችግር የሚፈታ ማነው?» ይሆናል። የእንግሊዙ ክሪስታል ፓላስ በ2017 እ.ኤ.አ. አሰልጣኝ ፍራንክ ደ ቦርን ሲያመጣ የቡድኑን አጨዋወት ከሥሩ ሊቀይር ነበር የፈለገው። 4 የሊግ ጨዋታ፣ 4 ሽንፈት፣ 0 ጎል። ደ ቦር በሆላንዱ አያክስ አራት ተከታታይ ሻምፒዮና ያነሳ ሰው ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን የለመዱት ሌላ ኳስ ነበር።

ተመላላሽ
ከቁጥር 6 ጋር እስማማለሁ፤ ግን የእኛ ሊግ የራሱ ጠባይ አለው። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ሲጫወቱ ቆይተዋል። ስለዚህ አንድ እጩ ቀድሞ «በሜዳው አይደፈርም» የተባለለት በገዛ ደጋፊው ፊት ከነበረ ያንን ውጤት በግማሽ ዋጋ ያዙት። የሚጠቅማችሁ ሆቴል ውስጥ ሳምንታት ተቀምጦ ቡድን ማስተዳደር የሚችል ነው፦ ሦስት አራት ቀን እረፍት ባለው መርሐ ግብር ማንን እንደሚያሳርፍ የሚያውቅ፣ ተጠባባቂዎቹ እንዳያኮርፉ የሚሠራ፣ የካምፕ ሐሜት የሚገባው።

«ዋንጫ ያነሳ ይምጣ» ለሚሉት፦ ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም ከጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 ከመቐለ 70 እንደርታ፣ በ2017 ከኢትዮጵያ መድን ጋር ሻምፒዮን ሆኗል። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። ጅማ አባ ጅፋር ግን ዋንጫውን ባነሳ በአራተኛው ዓመት ከሊጉ ወርዷል። ስለዚህ ስለ አንድ ባለ ዋንጫ ስታጠኑ ሜዳሊያውን ብቻ አትቁጠሩ። ያኔ ቡድኑን ማን ሰበሰበው? ምክትሉ ማን ነበር? ተጫዋቾቹ ክረምት ላይ ተመርጠው የገቡ ነበሩ ወይስ እንደ እናንተ መሀል ዓመት ላይ የተረከባቸው? ቡድን ገንብቶ ማሸነፍና እየሰመጠ ያለን ቡድን ማውጣት ሁለት ሙያ ነው።

የጠረጴዛ አሰልጣኝ
አካሄዱን ላስቀምጥ፤ 3 ሳምንት ካላችሁ ምርጫውን በ10 ቀን ጨርሱ። አዲሱ ሰው ቢያንስ 10 የልምምድ ቀን ያስፈልገዋል።

ቦርዱ በሙሉ አይምረጥ። ሦስት ሰው ይበቃል፦ ሥራ አስኪያጁ፣ ከክለቡ ደመወዝም ጥቅምም የሌለው አንድ የእግር ኳስ ባለሙያ፣ አንድ የቦርድ አባል። ከሦስቱ ማንም የተጫዋች ደላላ ዘመድ ወይም ወዳጅ እንዳይሆን። አሰልጣኝና አራት ተጫዋች በአንድ ጥቅል የሚያቀርብ ደላላ ከመጣ እጩው ጥሩ ቢሆን እንኳ ጥቅሉን አፍርሱት።

እጩ ከ5 አይብለጥ። የአሰልጣኝነት ፈቃዳቸውን (ላይሰንስ) ከድርድር በፊት በፌዴሬሽኑ አረጋግጡ፤ ከተስማሙ በኋላ ወረቀቱ አይሠራም ሲባል ሳምንት ይባክናል። ለአምስቱም የእናንተን ሁለት ሙሉ ጨዋታዎች ላኩ፣ አንድ የተሸነፋችሁትና አንድ አቻ የወጣችሁት። በ72 ሰዓት ውስጥ ሦስት ነገር ይዘው ይምጡ፦ ያዩዋቸውን ሦስት ዋና ችግሮች፣ አሁን ካሉት ተጫዋቾች ቋሚ 11፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት የልምምድ ዕቅድ በቀንና በደቂቃ። የተጫዋች ስም ሳያጠና «ቡድኑን በሥነ ልቦና አነሳዋለሁ» የሚል አለ፣ አሰናብቱት። ገና ሳይገባ ስድስት አዲስ ተጫዋች የሚጠይቀውም እንዲሁ።

ቀጥሎ ስልክ። የቀድሞ ክለቡን ፕሬዚዳንት መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ወይ ያመሰግናል ወይ ያማርራል። ወጌሻውን፣ የግብ ጠባቂዎቹን አሰልጣኝ፣ በተለይ ደግሞ እሱ ዘንድ ተጠባባቂ የነበሩ ሁለት ተጫዋቾችን ጠይቁ። ያልተሰለፈ ተጫዋች «ምክንያቱን ነግሮኝ ነበር» ካለ ከሁሉም በላይ ምስክር ነው።

ከግርጌ ሦስተኛ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀድሞ ኮከባችን እየተጠራ ያለው ደጋፊው ስለሚወደው ነው፤ ያሠለጠነው ከ20 ዓመት በታች ቡድን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ውሉ ላይ ምን ይግባ?

የጠረጴዛ አሰልጣኝ
ኮከባችሁን በምክትልነት አስገቡት። መልበሻ ክፍሉን ያውቃል፣ ደጋፊውንም ያረጋጋል። ዋና ካደረጋችሁት ግን በአራት ሽንፈት አሰልጣኝም ኮከብም ታጣላችሁ።

ውሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይሁን፤ ክለቡ ሊጉ ውስጥ ከቆየ በራሱ ለአንድ ዓመት ይራዘም። ቢሰናበት የሚከፈለው ካሳ ከሁለት ወይም ሦስት ወር ደመወዝ እንዳይበልጥ በቁጥር ጻፉት። «በስምምነት» የሚል ሐረግ አታስገቡ፣ የክርክር ሁሉ ምንጭ እሱ ነው። ምክትሎቹን የሚቀጥረው ማን እንደሆነ፣ የዝውውር የመጨረሻ ፊርማ የማን እንደሆነም ይጻፍ።

የውጭ ዜጋ ካመጣችሁ ሌላ አደጋ አለ። በክፍያ ከተጣላችሁ ጉዳዩ ፊፋ ዘንድ ሊሄድ ይችላል፤ የተፈረደበትን በ45 ቀን ያልከፈለ ክለብ እስከ ሦስት የዝውውር መስኮት አዲስ ተጫዋች ከማስመዝገብ ይታገዳል። የ13 ነጥብ ክለብ ይህን አይችልም። በዚያ ላይ በ15 ጨዋታ ውስጥ አገሩን፣ ሊጉንና ቋንቋውን ሊለምድ ነው። በዚህ ወቅት እኔ አልመክርም።

ቁጥር 6
ስለሚጠበቀው ውጤትም ቦርዱ ቀድሞ ይስማማ። የእንግሊዙ ኤቨርተን በ2022/23 እ.ኤ.አ. በአሰልጣኝ ፍራንክ ላምፓርድ 20 ጨዋታ 15 ነጥብ ነበረው። ተተኪው ሾን ዳይች በቀሪዎቹ 18 ጨዋታዎች 21 ነጥብ ሰብስቦ በ36 ነጥብ 17ኛ ሆኖ ተረፈ። በጨዋታ ከ0.75 ወደ 1.17 ገደማ ማለት ነው፤ ጥሩ የሚባለው ለውጥ እንዲህ ነው። በእናንተ ሒሳብ 15 ጨዋታ ከቀረ በዚያው መጠን 17 ወይም 18 ነጥብ፣ በድምሩ ወደ 31። «ከአምስቱ አራቱን አሸንፍ» የሚል መመሪያ ከዚህ ጋር አይገጥምም።

የዚያው ዓመት ሳውዛምፕተን ሌላው ገጽ ነው። ከሉተን ክለብ ያመጣው አሰልጣኝ ኔታን ጆንስ ከ8 የሊግ ጨዋታ 7ቱን ተሸንፎ ተሰናበተ፣ ከእሱ በኋላ ሌላ አሰልጣኝ ቀጠሩ፣ በ25 ነጥብ መጨረሻ ሆነው ወረዱ።

ተመላላሽ
በቁጥር 6 የፓላስ ምሳሌ ላይ አንድ ማስተካከያ። ፓላስ ከደ ቦር በኋላ ሮይ ሆጅሰንን ሲያመጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሊግ ጨዋታዎችም ያለ ጎል ነው የተሸነፈው። ቼልሲን ባሸነፉበት ቀን አጥቂው ዊልፍሬድ ዛሃ ከጉዳት ተመልሶ ነበር፣ ጎልም አግብቷል። 11ኛ ሆነው ጨረሱ። ከለውጡ ውስጥ ምን ያህሉ የአሰልጣኙ፣ ምን ያህሉ የዛሃ እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ስለዚህ ከወጌሻችሁ የጉዳተኞችን ዝርዝር ከነመመለሻ ቀናቸው ተቀብላችሁ ለአምስቱም እጩዎች ከጨዋታው ምስል ጋር ላኩላቸው፤ አለበለዚያ የሚያመጡት ቋሚ 11 ላይ ሦስቱ የአልጋ ቁራኛ ይሆናሉ።