ሲክስ ፍላግስ ሳይዘጋ ልጆቼን ያ አሮጌ የእንጨት ሮለር ኮስተር ላይ ላውጣቸው?

የመንትዮቹ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ ሰዎች እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሚባለው የሜሪላንዱ መዝናኛ ፓርክ ኖቬምበር 2፣ 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ሊዘጋ ነው አይደል፣ ታዲያ መንትዮቼ ከዛ በፊት ዋይልድ ዋን የሚባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር ላይ ካልወጣን ብለው ቤቱን አንድ አርገውታል። ችግሩ እኔ ነኝ። ነገርዬው በ1917 የተሠራ ነው አሉኝ፣ እንጨት ነው፣ ደሞ ከታች ቆሜ ሳየው ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ምሰሶው ሲወዛወዝ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ከዛ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ባለቤቴ "መቶ ዓመት ያልወደቀ እኛን ጠብቆ አይወድቅም" ይላል፣ ና አብረሃቸው ውጣ ሲባል ግን ወገቤን ያመኛል ሃሃሃ። ሌላ ያልገባኝ ደሞ ፈረንጆቹ ለዚህ ነገር ያላቸው ፍቅር ነው፣ ያ ሁሉ የብረት እያለ ለእንጨቱ ነው እንባ የሚራጩት። እውነት ታሪካዊ ነው ወይስ ዝም ብሎ አሮጌ ነው?

ፒጂ ካውንቲ፦
መጀመሪያ የትኛውን እንዳየሽ እርግጠኛ ሁኚ፣ እዛ ግቢ ውስጥ የእንጨት ሁለት አለ እኮ። ሮር የሚባለው የ1998 ነው፣ ገና ልጅ ነው። ዋይልድ ዋን ነው ሽማግሌው።

አናጢ ነኝ፦
እህቴ፣ እኔ እንጀራዬ እንጨት ነው፣ የቤት ፍሬም ስሠራ ነው የምውለው፣ ስለዚህ ይሄን ጥያቄ ዝም ብዬ አላልፍም። መወዛወዙ እንዲያውም ያረጋጋሽ። እንጨት ሲመታ ትንሽ እየሰጠ ነው ጉልበቱን የሚያበርደው፣ ድርቅ ብሎ ቢቆም ኖሮ ነው ቦልቱ እየላላ ማያያዣው የሚሰነጠቀው። ሀዲዱም ቢሆን አንድ ወፍራም ግንድ አይደለም፣ ጣውላ በጣውላ ላይ እየተደራረበ ተመትቶ ከላዩ ጎማው የሚሄድበት ቀጭን የብረት ንጣፍ ይለብሳል። ያረጀውን ጣውላ እያወጡ በአዲስ ይተካሉ፣ ብዙ ጊዜ በብርዱ ወራት ፓርክ ሲዘጋ ነው ይሄ ሥራ የሚሠራው። በሥራ ወቅት ደሞ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይገባ ሀዲዱን በእግራቸው እየሄዱ ቦልት በቦልት የሚያዩ ሰዎች አሉ፣ እኔ ያን ሥራ ቢሰጡኝ በነፃ እሠራ ነበር።

ሌላው ጎማው ነው። ባቡሩ ከላይ የሚሸከመው ጎማ አለው፣ ከጎን የሚይዘው አለው፣ ከሀዲዱ ስር ደሞ ሌላ አለው፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ብድግ ሲል ተነስቶ እንዳይበር የሚያስቀረው ያ የስሩ ነው። ያን የስር ጎማ በ1919 በስሙ ያስመዘገበው ጆን ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ዋይልድ ዋንንም መጀመሪያ ዲዛይን ያደረገው እሱ ራሱ ነው። መጀመሪያው ላይ በሰንሰለት ሲጎተት ቋ ቋ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ ሰው ሊሰበር ነው ብሎ ይደነግጣል፣ እሱ ግን ሰንሰለቱ ድንገት ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በየጥርሱ እየያዘ የሚሄድ መቆለፊያ ነው። ድምፁ ሲጠፋ ነው መፍራት፣ ምክንያቱም ያኔ ጫፍ ደርሰሻል ማለት ነው ሃሃ፣ ከዛ ወዲያ ሞተር የሚባል የለም፣ ቁልቁለቱ ብቻ ነው የሚነዳሽ።

ፈሪው፦
ይቅርታ ግን አናጢው፣ ጣውላው በየጊዜው ከተቀየረ፣ ደሞ እንደሰማሁት ሙሉ በሙሉ ፈርሶ ከሌላ ስቴት የመጣ ከሆነ፣ ምኑ ነው የ1917? የኔ ቶዮታ ሞተሩም በሩም ተቀይሯል፣ ታሪካዊ ብዬ ልሽጠው እንዴ? ማስታወቂያ ነው ይሄ ሁሉ።

የቦስተኑ፦
እኔ ማሳቹሴትስ ስለምኖር ይሄ የኛ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል፣ እናንተ ናችሁ የወሰዳችሁብን። መጀመሪያ የነበረው ከቦስተን ብዙም በማይርቅ ሃል በሚባል ከተማ ናንታስኬት ቢች ዳር ፓራጎን ፓርክ ውስጥ ነው፣ ስሙም ጃየንት ኮስተር ነበር። 98 ጫማ ቁመት ነበረው፣ ማለትም 30 ሜትር ገደማ፣ ሲከፈት በዓለም ላይ ከሱ የሚረዝም አልነበረም። በ1932 እሳት በላው፣ ፊላደልፊያ ቶቦጋን የሚባለው የሮለር ኮስተር ሠሪ ኩባንያ ሰውዬ ኸርበርት ሽሜክ መልሶ ሠራው። በ1963 እንደገና ተቃጠለ። እንደገና ተጠገነ። ከዛ በ1980ዎቹ ያ የባህር ዳር መሬት ወርቅ ሆነና ፓርኩ ተዘጋ፣ ኮንዶሚኒየም ሊሠራበት ማለት ነው፣ ዕቃው ሁሉ ጨረታ ወጣ። ያኔ ዋይልድ ወርልድ ይባል የነበረው የናንተ ፓርክ 28 ሺ ዶላር ሰጥቶ ወሰደው። አስቡት 28 ሺ! ዛሬ በዛ ብር ጥሩ መኪና አይገዛም። በርግጥ ማፍረሱ፣ ማጓጓዙና መልሶ መትከሉ ሌላ ወጪ ነው፣ ግን ያን ቀን እጁን ያነሳ ባይኖር ማገዶ ሆኖ ይቀር ነበር። በ1986 ሜሪላንድ ላይ ተከፈተ። እኛ ጋ የቀረው የፈረሶቹ ካሩዜል ነው፣ የ1928፣ አሁንም ይዞራል፣ ልጆቼን ወስጃቸው አውቃለሁ።

አሁን ደሞ እዚያው ታሪክ ላይ ተመልሳችሁ ቁጭ ብላችኋል፣ ወደ 500 ኤከር የሚሆን መሬት ነው፣ ለሌላ ግንባታ ሊሸጥ ነው የሚባለው። እሳትም ጨረታም ያልገደለውን ሪል እስቴት እንዳይጨርሰው ነው የኔ ስጋት።

አናጢ ነኝ፦
@ፈሪው፣ ሀገር ቤት የሳር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን ሳሯ ሲያረጅ ይቀየራል፣ ግድግዳዋ ይመረጋል፣ ታዲያ ማን ነው አዲስ ደብር ተተከለ የሚል? የቆየው ቅርፁ ነው ወንድሜ። አንዱን ኮረብታ ወርደህ ሌላው የት ጋ እንደሚቀበልህ፣ ምን ያህል ከወንበርህ እንደሚያስነሳህ፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን በእርሳስና በልምድ የተሰላ ነው። ደሞ በየእሳቱ መሀል እየተስተካከለ መጥቷል፣ አልክድም፣ 1917 ላይ እንደነበረው ቁጭ ያለ ነው ብዬ አልከራከርህም። ግን 4000 ጫማ ሀዲድ ላይ በሰዓት 53 ማይል ድረስ የሚሮጥ ነገር በሰው እጅ ጥገና እዚህ ደርሷል። ቶዮታህን ተወው።

ፈሪው፦
እሺ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ተሸነፍኩ። ግን አሁንም አልወጣም።

ፒጂ ካውንቲ፦
እናትየው ከወሰንሽ ጥቂት ምክር ልስጥሽ። ጫፍ ያለው ወንበር ላይ አትቀመጡ፣ ማለቴ ከጎማው በላይ ያለው ላይ፣ እሱ ነው ወገብ የሚበላው፣ ከየፉርጎው መሀል ያለውን ወንበር ያዙ ይሻላል። የኋላው ፉርጎ ቁልቁለት ላይ ከፊት ባለው ስለሚጎተት በጣም ነው የሚያስነሳው፣ ልጆቹ እሱን ይወዱታል፣ አንቺ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወደ መሀል ሁኚ። ጠዋት ሲከፈት ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀስ ይላል፣ ከሰዓት ሲሞቅ ነው የሚፈጥነው። ቅዳሜና እሁድ ደሞ ሰው ሁሉ ሊሰናበት እየመጣ ስለሆነ ሰልፉን አስቢበት። የልጆቹን ቁመትም በር ላይ ይለኩታል፣ ቤት ለክተሻቸው ሂጂ፣ እዛ ደርሶ መመለስ ለቅሶ ነው።

የቦስተኑ፦
ካልደረሳችሁም አይከፋችሁ፣ ሄርሺ ፔንስልቬንያ ኮሜት አለ፣ የ1946 ነው፣ ያ ከእሳቱ በኋላ የኛን መልሶ የሠራው ሽሜክ ነው ዲዛይነሩ፣ ከናንተ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚርቀው። ራቅ ማለት ከቻላችሁ ደሞ ፒትስበርግ ኬኒዉድ ጃክ ራቢት አለ፣ ጆን ሚለር ራሱ ዲዛይን ያደረገው፣ ከ1920 ጀምሮ እዛው ቦታው ላይ ነው፣ ማንም አላፈናቀለውም። እኔ ብጠየቅ ለልጅ መጀመሪያ ጃክ ራቢት ነው የምለው፣ አያስፈራም ግን አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ ተከታትሎ ሲወርድ በደንብ አየር ላይ ያስቀራችኋል።

የመንትዮቹ እናት፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ አናጢው በተለይ። ያን ቋ ቋ የሚለውን ለባለቤቴ ሳነብለት "እሱማ ሴፍቲ ነው፣ አውቀዋለሁ" አለኝ፣ ከየት እንዳወቀው እንጃ። ቅዳሜ ልንሄድ ነው፣ እሱም ይወጣል፣ ልጆቹ ፊት ቃል ገብቷል፣ አሁን ወገቡን ቢያመው ማን ይሰማዋል። ሄርሺን ደሞ ለሚቀጥለው ሰመር ይዣለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል ወይስ መኪና ውስጥ ነው የምንበላው?

ፒጂ ካውንቲ፦
መኪና ውስጥ። ሽሮ ብቻ እንዳትይዢ፣ ከኮስተር በኋላ አይመከርም ሃሃ።