ማንጎው ሻገተ፣ በሶብላው ጠቆረ፤ ጥፋቱ የማሽኑ ነው የኔ?

ጀማሪዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምግብ ማድረቂያ ማሽን ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። አምስት ትሪ አለው፣ ማሞቂያውና ማራገቢያው ከሥር ነው፣ ሙቀቱ ከ35 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስተካከላል። ሰሞኑን ታችኞቹ ሦስት ትሪዎች ላይ ማንጎ፣ ላይኞቹ ሁለቱ ላይ በሶብላ ደርድሬ፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝ 70 ላይ አደረግሁት። በ6 ሰዓት ውስጥ ማንጎው በእጅ ሲነካ ድርቅ ብሎ ነበር። ትኩስ ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ አጭቄ ከደንኩት። በ9ኛው ቀን ስከፍተው የኮመጠጠ ሽታ ወጣ፤ መሐል ያሉት ቁራጮች ላይ ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር በቅሏል። በሶብላው ደግሞ ጠቁሮ የሻይ አተላ መስሏል፤ ብታሸቱት ምንም የለውም።

የሳትኩት የቱ ጋ ነው? ደግሞስ ከማንጎው ያልሻገተውን መርጬ ብበላው ችግር አለው? ግማሽ ቀን ስልጥና ስቆርጥ የዋልኩበት ስለሆነ መጣሉ አንጀቴን በላኝ።

ባለ ስምንት ትሪ፦
እህቴ፣ መጨረሻ የጠየቅሽውን ላስቀድም፦ ሁሉንም ጣይው። ከሻጋታ የሚታየን ነጩ ጸጉር ብቻ ነው፤ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ዓይነትም መርዝ ያመነጫል። ከሻገተው ጋር አንድ ጠርሙስ ውስጥ የከረመ ቁራጭ ንጹሕ ቢመስልም አይታመንም። ጠርሙሱንና ክዳኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ፍራፍሬ ሲደርቅ የላዩ ውሃ ይተናል፣ የውስጡ ደግሞ እየተከተለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱ እኩል መራመድ አለባቸው። 70 ላይ ስታደርጊው ላዩ ቀድሞ ይቆረፍድና እንደ ቆዳ ይዘጋል፣ የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። አንቺ በእጅሽ የነካሽው ያንን ቆዳ ነው። ለዚህ ነው ለፍራፍሬ 57 ዲግሪ አካባቢ የሚመከረው። ውፍረቱን 6 ሚሊሜትር ገደማ አድርጊው፤ ዋናው ግን ሁሉም እኩል መሆኑ ነው። ግማሹ ቀጭን ግማሹ ወፍራም ከሆነ ቀጭኑ ሲደርቅ ወፍራሙ ይሸውድሻል። ሰዓቱን ቆጥረሽ አታውጪው፣ እንደ ፍሬው ብስለትና እንደ አየሩ እርጥበት ይለያያል።

መድረቁን ለማወቅ ከየትሪው ወፍራም ወፍራሙን አንድ አንድ አውጥተሽ አቀዝቅዢ። ትኩስ ሳለ ከእውነቱ በላይ ለስላሳ ስለሚመስል መፍረድ አይቻልም። ከዚያ መሐሉ ላይ ቅደጂውና የተቀደደውን ጠርዝ በጣትሽ ጨምቀሽ እዪው። ነጥብ ታህል ውሃ ካበራች ገና ነው። ለሁለት ስታጥፊው እርስ በርሱ ካልተጣበቀና እንደ ቀጭን ቆዳ እየተለጠጠ ከተመለሰ ደርሷል።

ችኩሉ፦
እኔ እንኳ የመጀመሪያውን ሰዓት 65 ላይ ነው የማደርገው፣ ሻግቶብኝም አያውቅም። ፍሬው መጀመሪያ ላይ እርጥብ ስለሆነ የሚተነው ውሃ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ወደ 57 አወርደዋለሁ።

ባለ ስምንት ትሪ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን ማውረዱን የማይረሳ ሰው ይፈልጋል። እኔ ረስቼ ተኝቼ አውቃለሁ፤ ጠዋት ያገኘሁት ፖም የጫማ ሶል ነበር።

ናና ወዳድ፦
ስለ በሶብላው ማንም አላነሳም፣ እኔ ልግባበት። ቅጠልና ፍራፍሬ አንድ ላይ አይደርቁም። ያንቺ ማሽን አየሩን ከሥር ወደ ላይ ነው የሚገፋው። ታች ያለው ማንጎ የሚለቀው እንፋሎት በሙሉ በበሶብላው በኩል ነው ያለፈው፤ ስለዚህ ቅጠሉን አላደረቅሽውም፣ በእንፋሎት ቀቀልሽው። መዓዛው ደግሞ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው፤ በ70 ዲግሪ ቤትሽን ሲያውደው ዋለ ማለት ነው። ቤቱ በጣም ከሸተተ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው።

ለቅጠል ከ35 እስከ 46 ዲግሪ ባለው መሐል ቆዪ። እኔ ናናንም በሶብላንም 40 አላሳልፋቸውም። ጠዋት ጤዛው እንደረቀ፣ ተክሉ ከማበቡ በፊት ቁረጪ። ካጠብሽው በኋላ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቂው፣ ግን አትሺው፤ በሶብላ ስስ ነው፣ የተቀጠቀጠበት ቦታ ሁሉ ይጠቁራል። ቅጠሉን ከግንዱ ለይተሽ ሳይደራረብ ዘርጊው። ጦስኝና ሮዝመሪን ግን ከነግንዳቸው አድርቂ፣ ሲደርቁ በጣት ወደ ኋላ ብትስቢያቸው ቅጠላቸው ብቻውን ይረግፋል።

ማሽኑ ውስጥ ከገባ አንድ ሰዓት ሲሞላው ጀምረሽ እያየሽ ጠብቂ፤ ብዙ ጊዜ ከ4 ሰዓት አያልፍም። መዳፍሽ ላይ ስትጨብጪው ኩርሽም ብሎ ከፈረከሰና ከነግንዱ የደረቀውም ግንዱ ሳይጎብጥ ቀጭ ካለ በቃው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የደረቀ ቅጠል ይቀላል፣ ማራገቢያው ያነሳዋል። ወንፊት መረብ ከላዩ ደርቢበት፤ አለዚያ ቅጠሉን ከማሽኑ ሆድ ስትለቅሚ ታመሺያለሽ።

እትዬ ጓዳ፦
ልጄ፣ ትልቁ ጥፋትሽ ትኩሱን መክደንሽ ነው። ትኩስ ነገር ሲከደን ያልባል፣ ላቡ መልሶ ፍሬው ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ትሪው ላይ እንዳለ ይብረድ፣ ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም ይሁን። ሲበርድ ግን ውሎ አይደር፣ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይጠጣል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ማንጎውን ጠርሙስ ውስጥ ሳታጭቂ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙዪና ክደኝው። ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ነቅነቅ አድርጊው። ከአንድ ትሪ የወጣ እንኳ እኩል አይደርቅም፤ እርጥቡ ለደረቁ እያካፈለ የሚስተካከለው በዚህ ጊዜ ነው። ጠርሙሱ ከውስጥ ካላበ ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ማሽኑ መልሺው። አንቺ በመጀመሪያው ቀን ብታዪው ኖሮ ዘጠኝ ቀን ባልጠበቅሽ። ለቅጠል ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

ፖምና ሙዝ ስታደርቂ ደግሞ የሎሚ ጭማቂና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ ለጥቂት ደቂቃ ንከሪያቸው፤ እንዳይጠቁሩ ነው። ማንጎ ያለዚያም ቀለሙን ይይዛል።

ጀማሪዋ፦
እትዬ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳላችሁት ደገምኩት። ማንጎው ብቻውን በ57 ዲግሪ 11 ሰዓት ፈጀ፤ በየሁለት ሰዓቱ የታችኛውን ትሪ ወደ ላይ አዘዋወርኩ፣ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ቀድሞ ስለሚደርቅ። በሁለት ጠርሙስ ከፈልኩት። በማግስቱ አንደኛው ትከሻው ላይ ደመና የመሰለ ላብ ያዘ፣ ሌላው ንጹሕ ነበር። ያላበውን ሁለት ሰዓት መልሼ አደረቅሁትና እስካሁን 12 ቀን ሆነው፣ ደህና ነው። በሶብላው በ40 ዲግሪ በ3 ሰዓት ተኩል ደረሰ፤ አረንጓዴነቱ ትንሽ ደበዘዘ እንጂ ክዳኑን ስከፍት ሽታው ይመጣል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ፦ እስከ መቼ ይቆይልኛል? ለወጥስ ስንት ላድርግ?

ናና ወዳድ፦
በእርጥቡ ፈንታ ሲሶውን አድርጊ፤ ውሃው ስለወጣ ጠንካራ ነው። ቅጠሉን እንዳለ አስቀምጪው፣ የምታደቂው ልትጠቀሚበት ስትይ ብቻ ይሁን። የደቀቀ ቶሎ ሽታውን ያጣል። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይም አታስቀምጪ፣ ሙቀትና እንፋሎት ይመታዋል።

እትዬ ጓዳ፦
ማንጎው ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ 15 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ አንድ ዓመት ይሄዳል። 27 የሚደርስ ሞቃት ክፍል ከሆነ ግን ስድስት ወር ብለሽ ያዥው። ብዙ ትንንሽ ጠርሙስ ከአንድ ትልቅ ይሻላል፤ በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይገባል፣ አንዱ ቢበላሽም ሌላው ይተርፋል። ስሙንና ቀኑንም ጻፊበት። እኔ ጓዳ ውስጥ የደረቀ ነገር የሞላባቸው ሦስት ጠርሙሶች አሉ፣ ሁለቱ ናና ናቸው፤ ሦስተኛው ምን እንደሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ አሽትቶት መልስ አልተገኘም።